ከ15 በመቶ 95 በመቶ፦ የካታሊስት ንጽሕናና የውጤቱ ግራና ቀኝ

ለኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተማሪዎችና መምህራን በቃል ከቀረበ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። በሁለት ቁጥሮች ልጀምር፤ 15 እና 95።

በ1980ዎቹ ጃፓናዊው ኬሚስት ርዮጂ ኖዮሪና ባልደረቦቹ በናጎያ ዩኒቨርሲቲ ቤንዛልዲሃይድን ከዳይኢታይልዚንክ ጋር እያገናኙ 1-ፌኒል-1-ፕሮፓኖል የሚባለውን አልኮል ይሠሩ ነበር። ለካታሊስትነት (ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽኑን እንዲያፋጥን) የተጠቀሙት ከካምፈር የሚሠራውን፣ በአጭሩ «ዳይብ» የሚባለውን አሚኖ አልኮል ነው። ዳይቡ የአንድ እጅ ብቻ ሲሆን፣ ማለትም የመስታወት ምስል ከሆኑት ግራና ቀኝ ቅርጾቹ አንዱ ብቻ ሲሆን፣ የውጤቱ ብልጫ (የበዛው እጅ ካነሰው የሚበልጥበት መጠን) 98 በመቶ ወጣ። ቀጥሎ ግራና ቀኙ የተደባለቀበትን፣ የራሱ ብልጫ 15 በመቶ ብቻ የሆነ ዳይብ ጨመሩ። ነገሩ እንደ ተራ ማባዛት ቢሆን 98 ሲባዛ በ0.15፣ ማለትም 14.7 በመቶ ይጠበቅ ነበር። የወጣው 95 በመቶ ነው።

የዛሬው ንግግሬ የእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ርቀት ከየት እንደመጣ ነው። መልሱን ከወዲሁ ልናገር፦ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ንጽሕና እና በፍላስኩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ሞለኪውል ንጽሕና ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዳንዴ የሁለተኛው ከፊተኛው ይበልጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ በጣም ያንሳል። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያስቸግረው ይህን ሳይለዩ ቁጥር መተርጎም ነው።

በቅድሚያ ቃላቱን እናስማማ። ግራና ቀኝ የምንላቸው ሞለኪውሎች እንደ ጫማ ናቸው፤ አሠራራቸው አንድ ሆኖ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከወጥ ቤት ምሳሌ ካስፈለገ ድንብላልና በሶብላ አሉላችሁ። የድንብላል ፍሬ ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ሊናሎኦል ከሚባል ሞለኪውል ነው፤ በሶብላም ውስጥ ይኸው ሞለኪውል ይገኛል። የድንብላሉ በአብዛኛው ቀኝ ዘዋሪው፣ የበሶብላው ግን ግራ ዘዋሪው ነው። «ብልጫ» የምለው በላቦራቶሪ «ኢኢ» የምንለውን ነው፤ የበዛው እጅ በመቶ ሲቀነስ ያነሰው እጅ በመቶ። 57.5 ቀኝና 42.5 ግራ ከሆነ ብልጫው 15 ነው። 97.5 እና 2.5 ከሆነ 95 ነው። ግማሽ በግማሽ የሆነው ራሲሚክ ነው፤ ብልጫው ዜሮ።

ንጽሕናም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የግራና የቀኝ ንጽሕና ሲሆን ሌላው ተራው ኬሚካላዊ ንጽሕና ነው፤ ውኃ፣ ተጣብቆ የቀረ አሟሚ፣ አየር ያበላሸው ፎስፊን፣ የመሳሰለው። ብልጫው 99.9 በመቶ የሆነ ሊጋንድ፣ ማለትም ብረቱን ይዞ ግራና ቀኝ እንዲለይ የሚያደርገው ሞለኪውል፣ ግማሹ በአየር ተበላሽቶ ከሆነ ሊጋንድ ያላገኘ ብረት ፍላስኩ ውስጥ ይቀራል፤ ያ ብረት ደግሞ ያለ ምንም አድልዎ ግራም ቀኝም ይሠራል። የሻርፕለስ ኢፖክሲዴሽንን፣ ማለትም በድርብ ቦንድ ላይ ኦክሲጅን የሚጨምረውን ሪአክሽን፣ የሠራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ቲታኒየም ኢሶፕሮፖክሳይዱ ከ5 እስከ 10 ሞል በመቶ (ለ100 ሞለኪውል አልኮል ከ5 እስከ 10) ሲሆን ሊጋንዱ ታርትሬት ከእሱ ቢያንስ ከ10 እስከ 20 በመቶ በልጦ ይጨመራል፤ የሞለኪውል ወንፊት ውኃውን ይይዛል፤ ድብልቁ ከአልኮሉ በፊት በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች 20 ወይም 30 ደቂቃ ያርፋል። ታርትሬቱ ሲያንስ ብልጫው ይወርዳል። ከመጠን በላይ ሲበዛ ደግሞ ሪአክሽኑ ይንቀረፈፋል። ይህ ሁሉ የኬሚካላዊ ንጽሕናና የመጠን ጉዳይ ነው። ከዚህ በኋላ የማወራው ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ የቀረው ጥያቄ የግራና ቀኝ ድብልቅ ብቻ ሲሆን ስለሚሆነው ነው።

ጥንድ ያገኘው ጫማ አይሠራም

አንድ ሺህ ጫማ የያዘ ጆንያ አስቡ፤ 575 ቀኝ፣ 425 ግራ። ብልጫው 15 በመቶ ነው። አሁን እያንዳንዱ ግራ ጫማ የቀኝ ጓደኛውን ፈልጎ ይታሰር። 425 ጥንድ፣ ማለትም 850 ጫማ ከሥራ ውጪ ሆነ። የቀሩት 150 ጫማዎች ሁሉም ቀኝ ናቸው።

በኖዮሪ ፍላስክ ውስጥ የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። ዳይብ ከዳይኢታይልዚንክ ጋር ሲገናኝ ኢቴን ጋዝ ይለቅና ዚንክ ያዘለ ውሁድ ይሆናል። ሥራውን የሚሠራው ይህ ውሁድ ብቻውን ሲሆን ነው። ግን ብቻውን መሆን አይወድም፤ ሁለት ሁለት እየሆነ ይጣመራል። ቀኝ ከቀኝ የተጣመረው ዳይኢታይልዚንክና ቤንዛልዲሃይድ ሲያገኝ ሊፈታ ይችላል። ቀኝ ከግራ የተጣመረው ግን በጣም የጸና ነው፤ በቀላሉ አይፈታም። ስለዚህ ያነሰው እጅ አብዛኛው እዚያ ጥንድ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ነጻ ሆኖ የሚሠራው የበዛው እጅ ትርፍ ነው። ውጤቱ 98 ሆኖ ያልወጣው፣ 95 ላይ የቆመው፣ የቅይጡ ጥንድ እስራት ፍጹም ስላልሆነ ነው፤ ጥቂት ግራ ያመልጣል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደሰትና ዋጋውን ይረሳል። ለ100 ሞለኪውል ቤንዛልዲሃይድ 2 ሞለኪውል ዳይብ ጨምራችሁ ከሆነ፣ በ15 በመቶ ብልጫ ከእስር ውጪ የሚቀረው 0.3 ገደማ ነው። ካታሊስቱ በጆንያ ቢቀመጥም የሚሠራው በማንኪያ ነው። ሪአክሽኑ ይዘገያል፤ በዘገየ ቁጥር ደግሞ ያለ ካታሊስት የሚሄደው ቀስተኛ ሪአክሽንና የጎን ሪአክሽኖች ድርሻቸው ይጨምራል። በዚህ ሥርዓት ያለ ሊጋንድ የሚሄደው ሪአክሽን በቶሉዊን ውስጥ እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ ነገሩ ያምራል። በሌላ ሥርዓት ግን ይኸው መዘግየት ያገኛችሁትን ብልጫ መልሶ ሊበላው ይችላል። የማጉላት ትርፍ በፍጥነት ይከፈላል።

ሒሳቡ በወረቀት

ፈረንሳዊው ኬሚስት ሄንሪ ካጋንና ተባባሪዎቹ በ1986 ባሳተሙት ሥራ የካታሊስቱ ብልጫና የውጤቱ ብልጫ ሁልጊዜ በቀጥታ መስመር እንደማይያያዙ በማስረጃ አሳዩ። ጄራኒዮል የሚባለውን አልኮል በቲታኒየምና በዳይኢታይል ታርትሬት ኢፖክሳይድ ሲያደርጉ ነጥቦቹ ከቀጥታ መስመሩ በላይ ወጡ። ሜቲል ፓራ-ቶሊል ሰልፋይድን፣ ቲታኒየም፣ ታርትሬትና ውኃ በ1፣ 2፣ 1 መጠን አድርገው ወደ ሰልፎክሳይድ ሲቀይሩ ደግሞ ነጥቦቹ ከመስመሩ በታች ወረዱ። የፊተኛው አዎንታዊ፣ የኋለኛው አሉታዊ ኩርባ ይባላል። ብረቱም ሊጋንዱም አንድ ዓይነት ሆነው ኩርባው ተገለበጠ፤ ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ለዚህ ካጋን በኋላ ያዘጋጀው ሞዴል ቀላል ነው። ብረቱ ሁለት ሊጋንድ ይይዛል እንበል። ሦስት ዓይነት ውሁድ ይኖራል፦ ቀኝ-ቀኝ፣ ግራ-ግራ፣ ቅይጥ። የቅይጡን መጠን ለሁለቱ ንጹሐን ድምር አካፍሉ፤ ያንን «ቤታ» በሉት። የቅይጡን ፍጥነት ለንጹሑ ፍጥነት አካፍሉ፤ ያንን «ጂ» በሉት። የውጤቱ ብልጫ እንዲህ ይሰላል፦

በንጹሕ ካታሊስት የሚገኘው ብልጫ × የሊጋንዱ ብልጫ × (1 + ቤታ) ÷ (1 + ጂ × ቤታ)።

ሊጋንዶቹ ያለ ምርጫ በዕድል ብቻ ተጣመሩ፣ ንጹሑ ካታሊስት ደግሞ 100 በመቶ ይሰጣል እንበልና እናስላ። የሊጋንዱ ብልጫ 50 ነው፤ ማለትም 75 ቀኝ፣ 25 ግራ። ቀኝ-ቀኝ 56.25 በመቶ፣ ግራ-ግራ 6.25፣ ቅይጡ 37.5 ይሆናል፤ ቤታ 0.6። ቅይጡ ጨርሶ የማይሠራ ከሆነ ውጤቱ 80 በመቶ ነው። ቅይጡ እንደ ንጹሑ የሚፈጥን ከሆነ 50። ቅይጡ አምስት እጥፍ የሚፈጥን ከሆነ 20 ብቻ። በአንድ ጠርሙስ ሊጋንድ 80፣ 50፣ 20። ፍጥነቱንም ተመልከቱ፤ በንጹሑ ካታሊስት ከሚገኘው አንጻር በመጀመሪያው 0.625 እጥፍ፣ በሁለተኛው እኩል፣ በመጨረሻው 2.5 እጥፍ ነው። የብልጫ ትርፍና ኪሳራ በፍጥነቱ ላይ ተገልብጦ ይታያል።

በዕለት ሥራችን የሚያጋጥመን ግን 50 በመቶ ሊጋንድ አይደለም። 90 ወይም 98 ነው። 90 በመቶ ብልጫ ያለው ሊጋንድ በሦስቱ ሁኔታዎች 99.4፣ 90 እና 65 ይሰጣል። 98 በመቶ ያለው ሊጋንድ እንኳ ቅይጡ አምስት እጥፍ በሚፈጥንበት ጊዜ ወደ 91 ይወርዳል። 99.5 በመቶ ቢሆን 97.5 ገደማ። ያቺ ከመቶ አንድ የሆነች የተሳሳተ እጅ ከበዛው እጅ ጋር ተጣምራ ፈጣኑን ቅይጥ ስለምትሠራ ጥፋቷ ከቁጥሯ በላይ ነው። በአሉታዊ ኩርባ ሥርዓት የሚሠራ ሰው «98 በመቶ ይበቃል» ካለ ጉዳዩን አልተረዳውም።

የሚቀጥለው ነጥብ በፈተናም በምርምርም ሰው የሚስትበት ነው። ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ላይ ከወደቁ «ካታሊስቱ ብቻውን ይሠራል» ተብሎ ይደመደማል። ይህ አይበቃም። ቅይጡ እንደ ንጹሑ እኩል ቢፈጥን መስመሩ ቀጥ ይላል። ቅይጡ ጨርሶ ባይፈጠርና ሁሉም ቀኝ-ቀኝና ግራ-ግራ ሆኖ ቢቀርም መስመሩ ቀጥ ይላል። ኩርባ ካየን መጣመር አለ ማለት እንችላለን፤ የኩርባ አለመኖር ግን መጣመር እንደሌለ አያረጋግጥም። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከብልጫው ጎን ፍጥነቱም መለካት ያለበት። በራሲሚክ ሊጋንድ የሚሄደው ሪአክሽን በንጹሑ ከሚሄደው እኩል ከፈጠነ፣ የማይሠራ የቅይጥ መጋዘን አለ የሚለው አባባል አይቆምም።

በሥራ ጠረጴዛው ላይ

ይህን ኩርባ በራሳችሁ ለማውጣት የዳይኢታይልዚንኩ ሪአክሽን ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ዳይኢታይልዚንክን በአግባቡ መያዝ ከቻላችሁ። አየር ሲነካው በራሱ ይቀጣጠላል። በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ሥር፣ በደረቀ ሲሪንጅ፣ ሲሪንጁን እስከ አፉ ሳትሞሉ ነው የሚቀዳው። አጠገባችሁ ደረቅ አሸዋ ይኑር፤ ውኃም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም ለዚህ እሳት አይሆኑም። መርፌውና ሲሪንጁ ላይ የቀረው በቶሉዊን በቀጠነ ኢሶፕሮፓኖል ቀስ ተብሎ ይገደላል።

የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው ሚዛን ላይ ነው። ለ1 ሚሊሞል ቤንዛልዲሃይድ 5 ሞል በመቶ ዳይብ 9.9 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። 80 በመቶ ብልጫ ለመሥራት ከዚህ ውስጥ ያነሰው እጅ 1 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በተራ ሚዛን ይህን መመዘን ራስን ማታለል ነው። ይልቅ ከሁለቱም እጅ 98.7 ሚሊ ግራም እየመዘናችሁ በ10 ሚሊ ሊትር የልኬት ፍላስክ በደረቀ ቶሉዊን ሙሉት። ሁለቱም 0.05 ሞላር ናቸው፤ አንዱ ሚሊ ሊትር 0.05 ሚሊሞል ይይዛል። ከዚያ በኋላ ያለው በመጠን መቀላቀል ነው፦ 0.60 ከ0.40 ጋር 20 በመቶ፣ 0.70 ከ0.30 ጋር 40፣ 0.80 ከ0.20 ጋር 60፣ 0.90 ከ0.10 ጋር 80። 1.00 ብቻውን የጠርሙሱን ያህል፣ 0.50 ከ0.50 ጋር ዜሮ። «የጠርሙሱን ያህል» ያልኩት በምክንያት ነው። ሁለቱም ጠርሙሶች 96 በመቶ ቢሆኑ፣ 20 ያላችሁት በእውነቱ 19.2 ነው፤ 100 ያላችሁትም 96። ግራፉ ላይ የሚሰፈረው ትክክለኛው ቁጥር ነው፤ ያለዚያ ቀጥታ መስመር ወደ ኩርባ፣ ኩርባም ወደ መስመር ይለወጥባችኋል።

ሁለቱን ሊጋንዶች ብረቱ ሳይገባ በፊት ቀላቅሉ። ቀኙን ለብቻ ከዚንክ፣ ግራውን ለብቻ ከዚንክ አገናኝታችሁ ከዚያ ብትቀላቅሉ፣ የተጣመሩት ተፈትተው እንደገና እስኪጣመሩ ጊዜ ይወስዳል። በአንዳንድ ብረቶች ይህ ጊዜ ከሪአክሽኑ ራሱ ይረዝማል። ሁለቱ የአቀላቀል ቅደም ተከተሎች የተለያየ ውጤት ከሰጡ ግን እንደ ጥፋት አትጣሉት፤ መለዋወጡ ቀርፋፋ መሆኑን ይነግራችኋል።

ለእያንዳንዱ ፍላስክ 1 ሚሊ ሊትር የሊጋንድ ድብልቅ፣ በላዩ 2 ሚሊ ሊትር ባለ 1 ሞላር ዳይኢታይልዚንክ ጨምሩ። ጋዝ ይወጣል፤ 15 ደቂቃ በክፍሉ ሙቀት ይነቃነቅ። ወደ 0 ዲግሪ አቀዝቅዙና 0.10 ሚሊ ሊትር ቤንዛልዲሃይድ ጣል ጣል አድርጉ። ቤንዛልዲሃይዱ በዕለቱ ወይም በሳምንቱ የተጣራ ይሁን፤ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ውስጥ ቤንዞይክ አሲድ አለ። ይህ አሲድ ዳይኢታይልዚንኩን ከመብላቱም በላይ የሚፈጥረው የዚንክ ጨው ከካታሊስቱ ጋር ይጣመራል፤ ያኔ የምታዩት የሊጋንዱን ኩርባ አይደለም። በ1፣ በ3 እና በ6 ሰዓት ናሙና ውሰዱ። የሁሉም ፍላስክ ጠቅላላ መጠን አንድ ይሁን፤ መጣመር የክምችት ነገር ነውና አንዱ 3 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው 6 ሚሊ ሊትር ቢሆን ሁለት የተለያዩ ሙከራዎችን ነው የሠራችሁት።

ሪአክሽኑን ስታቆሙ ፍላስኩ በበረዶ ላይ፣ አፉም ለጋዝ መውጫ ክፍት ይሁን። ከ2 ሚሊሞል ዳይኢታይልዚንክ አልኮሉ ከሚወስደው ተርፎ ወደ 70 ሚሊ ሊትር ኢቴን ይወጣል፤ የተዘጋ ትንሽ ብልቃጥ ይህን አይችልም። የጠገበ የአሞኒየም ክሎራይድ ሶሉሽን ጠብታ በጠብታ፤ ነጩ ዝቃጭ ካስቸገረ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያሟሟዋል። ከዚያ በኢተር አውጡ።

ከስድስቱ ፍላስኮች ጎን ሁለት ተጨማሪ ይኑሩ። አንዱ ያለ ሊጋንድ፤ ካታሊስቱ ሳይኖር ምን ያህል እንደሚሄድ ያሳያል። ሌላው የ60 በመቶው የመስታወት ምስል፣ ማለትም 0.20 ከ0.80 ጋር። የፊተኛው 60 የሰጠውን ቁጥር በተቃራኒው እጅ ካልሰጣችሁ የሆነ ቦታ ብክለት ወይም የልኬት አድልዎ አለ። ይህን ስምንተኛ ፍላስክ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ የምጠብቀው እሱን ነው።

ኩርባ የሚመስል ግን ያልሆነ

ስለ ልኬት ትንሽ ልቆይ። ሰዎች ባሳተሙት ኩርባ ላይ ጥርጣሬ የሚነሣው በብዛት እዚህ ነው።

ካይራል ኮለም፣ ማለትም ግራና ቀኝን የሚለይ የክሮማቶግራፊ ቱቦ፣ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ራሲሚኩን አልኮል ወርውሩበት። ሁለት የተለያዩ ጉብታዎች፣ ስፋታቸውም 50 በ50 መሆን አለበት። ካልሆነ የተረፈ ቤንዛልዲሃይድ ወይም የጎን ውጤቱ ቤንዚል አልኮል ከአንዱ ሥር ተደብቋል። በስፋቱ ላይ የአንድ ነጥብ ስህተት በብልጫው ላይ ሁለት ነጥብ ይሆናል፤ ይህን ሳታስቡ የሦስት ነጥብ ልዩነትን «ኩርባ» አትበሉት።

ካይራል ኮለም በሌለበት አልኮሉን የአንድ እጅ ብቻ ከሆነው ረዳት ውሁድ ከሞሸር አሲድ ክሎራይድ ጋር አያይዞ በኤንኤምአር ማየት ይቻላል። ክሎራይዱ ከአልኮሉ ይብዛ፤ ሪአክሽኑም እስከ መጨረሻው ይሂድ። መሃል ላይ ካቆማችሁት የፈጠነው እጅ በልጦ ይቆጠራል። እዚህም ራሲሚኩ 50 በ50 መስጠቱን ሳታረጋግጡ አትቀጥሉ።

ፖላሪሜትር (የብርሃን መዞር መለኪያ) ብቻ ያላችሁ ከሆነ፣ የብርሃኑ መዞር ከብልጫው ጋር ሁልጊዜ እኩል እንደማይሄድ ዕወቁ። ኦሮ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1969 እንዳሳየው፣ 2-ኢታይል-2-ሜቲል ሰክሲኒክ አሲድ በክሎሮፎርም ውስጥ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ መዞሩና ብልጫው ቀጥታ መስመር አይሠሩም። ስለዚህ መሣሪያው ራሱ ኩርባ ሊፈጥርላችሁ ይችላል።

ናሙናውን በተራ ሲሊካ ኮለም አጣርታችሁ መካከለኛውን ቱቦ ብቻ አትለኩ። ሲሊካው ካይራል ባይሆንም፣ ራሲሚክ ያልሆነ፣ አንድ እጅ ብቻም ያልሆነ ድብልቅ በውስጡ ሲያልፍ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ቱቦዎች የተለያየ ብልጫ ሊኖራቸው ይችላል። በ1983 ኩንዲና ክሩክስ ይህን በኒኮቲን አሳይተዋል። ምክንያቱ ያው የቅድሙ ነው፤ ቀኝ-ቀኝና ቀኝ-ግራ ጥንዶች ኮለሙ ላይ እኩል አይሮጡም። ሁሉንም ቱቦ ሰብስባችሁ ለኩ። ከልኬቱ በፊት ክሪስታል ማድረግም ያው ነው፤ አይደረግም።

ከሁሉ የሚከፋው ወጥመድ ግን ያልሟሟ ጠጣር ነው። ፕሮሊን የተባለውን አሚኖ አሲድ ውሰዱ። በ1986ቱ የካጋን ሥራ ፕሮሊን በሚያስኬደው የአልዶል ሪአክሽን ላይ ጥቂት አሉታዊ ኩርባ ተዘግቦ ነበር። በ2003 የኬሚስቱ ቤንጃሚን ሊስት ቡድን በተሻለ ልኬት ቀጥታ መስመር መሆኑን አሳየ፤ ይህም አንድ ፕሮሊን ብቻውን ይሠራል ከሚለው ሐሳብ ጋር ገጠመ። በ2006 ደግሞ ዶና ብላክመንድና ክሉስማን ሌላ መልኩን አወጡ። ፕሮሊኑ ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ ውስጥ ከሚሟሟው በላይ ከገባና ጠጣሩ ታች ከቀረ፣ የቀኝና የግራ ቅይጥ ክሪስታል ይሠራል፤ ላይ ያለው ሶሉሽን ብልጫ ወደ 50 ይጠጋና እዚያው ይቆማል፤ ከዚያው ድብልቅ ሌላ ማንኪያ ብትጨምሩም አይነቃነቅም። ሌላው አሚኖ አሲድ ሴሪን በውኃ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሶሉሽኑ ከ99 በመቶ በላይ ይሆናል። እዚህ ላይ በዚንኩ እንዳየነው ሁለት ሁለት ሆኖ የሚሠራ ካታሊስት የለም፤ ያጎላው ክሪስታሉ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ አልዲሃይዱን ሳትጨምሩ ሶሉሽኑን አጣሩና የሶሉሽኑን የራሱን ብልጫ ለኩ። ከመዘናችሁት ከተለየ፣ በግራፉ አግድም መስመር ላይ የሚገባው ይህ የተለካው ቁጥር ነው። ብዙ «ኩርባ» በዚህች አንድ እርምጃ ቀጥ ይላል።

ራሱን የሚያጎላው

ሳልነካው ማለፍ የማልችለው የጃፓናዊው ኬሚስት የኬንሶ ሶአይ ሪአክሽን አለ። ዳይኢሶፕሮፒልዚንክ ከፒሪሚዲን አልዲሃይድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው አልኮል ራሱ የሚቀጥለው ሪአክሽን ካታሊስት ይሆናል፤ አምሳያውን እየሠራ። ሶአይ በ1995 2 በመቶ ብልጫ ካለው አልኮል ተነሥቶ የወጣውን እንደገና ካታሊስት እያደረገ 10፣ 57፣ 81፣ 88 ደረሰ። በ2003 ከ0.00005 በመቶ ተነሥቶ በሦስት ዙር ከ99.5 በላይ አደረሰው።

ለእኛ ለሠራተኞቹ ከዚህ የሚወጣው ነገር ትንሽ የሚያስፈራ ነው። ያን ያህል ትንሽ አድልዎ ይጎላል ማለት፣ በመስታወቱ ዕቃ ላይ የቀረ የቀደመ ውጤት ቅሪትም ይጎላል ማለት ነው። ካይራል ነገር ምንም ሳይጨመር በዲኢታይል ኢተርና በቶሉዊን ድብልቅ 37 ጊዜ ሲሠራ 19 ጊዜ አንዱ እጅ፣ 18 ጊዜ ሌላኛው በዛ። ወደ ግማሽ በግማሽ መከፈሉ ያ ዕቃ ንጹሕ እንደነበር ምስክር ነው። በእናንተ ላቦራቶሪ ሁሌ አንዱ እጅ ከበዛ፣ ግኝት ነው ከማለታችሁ በፊት ዕቃችሁን እጠቡ።

ወደ ሊጋንድ ግዢው ልመለስ። ኩርባችሁ አዎንታዊ ከሆነ 90 በመቶ ብልጫ ያለው ሊጋንድ ሊበቃችሁ ይችላል። በዕድል ጥንድ ሞዴል ሥራ ላይ የሚቀረው 90.5 በመቶ ነው፤ ፍጥነቱን ለመመለስ ሊጋንዱንም ብረቱንም አንድ አሥረኛ ጨምሩ። ኩርባችሁ አሉታዊ ከሆነ ገንዘቡ መውጣት ያለበት ሊጋንዱን እንደገና ክሪስታል በማድረግ ላይ ነው፤ እስከ 99.5። የሰልፋይድ ኦክሲዴሽኑ ቤተሰብ ዛሬ ኢሶሜፕራዞል የተባለው የጨጓራ መድኃኒት የሚሠራበት ነው። እዚያ ቲታኒየምና ዳይኢታይል ታርትሬት ከሰልፋይዱ ጋር ሆነው አስቀድመው ይሞቃሉ፣ ዳይኢሶፕሮፒል ኢታይል አሚን ይጨመራል፣ ኦክሲጅን ሰጪው ኪውሚን ሃይድሮፐሮክሳይድ ነው፤ ብልጫው ከ94 በላይ ይወጣል። አሚኗ ወይም ማሞቂያው ጊዜ ሲነካ የሚለወጠው በሶሉሽኑ ውስጥ የትኛው የቲታኒየም ውሁድ እንደሚበዛ ነው፤ ስለዚህ ትናንት በሌላ አዘገጃጀት ያወጣችሁትን ኩርባ ለዛሬው አትዋሱት።

መጠኑን ስታሳድጉም እንዲሁ። በ3 ሚሊ ሊትር የወጣ ግራፍ ክምችቱ ሦስት እጥፍ በሆነ ሬአክተር ውስጥ ዋስትና የለውም። ሥራው በሚሠራበት ክምችትና ሙቀት ሦስት ነጥብ እንደገና አውጡ፤ 60፣ 90 እና 98።